ምዕራፍ አምስት፦ እከክልኝ

ሄንሪ ኢቫንስ በ2002 የአርባ ዓመት ጎልማሳ፣ የአራት ልጆች አባት ነበር። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ከባለቤቱ ከጄን ጋር ካሊፎርኒያ ይኖራል። በዚያው ዓመት ስትሮክ መታው፤ የመታውም ክፉ ቦታ ላይ ነው። የአንጎል ግንድ ትእዛዝ ከጭንቅላት ወደ ቀረው አካል የሚወርድበት መተላለፊያ ነው። ያ መንገድ ሲዘጋ ሰውየው ከአንገቱ በታች መንቀሳቀስ አቃተው፤ አንደበቱም ተዘጋ። ጭንቅላቱን በመጠኑ ማዞር፣ ዓይኑን ማንቀሳቀስ፣ አንድ ጣቱን ትንሽ ማነቃነቅ ቀረለት። ሐሳቡና ትዝታው አልተነኩም። ቆዳውም ይሰማዋል፤ ፊቱን ሲበላው ያውቀዋል።

ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል ይመስላል። ጤነኛ ሰው በቀን ስንት ጊዜ ፊቱን እንደሚያክ ቆጥሮ አያውቅም። እጁ ማንም ሳያዘው ሄዶ አክኮለት ይመለሳል፤ የእጁ ባለቤት ወሬውን እንኳ አያቋርጥም። ኢቫንስ ግን ፊቱን ሲበላው መጀመሪያ የሰው ዓይን እስኪያርፍበት መጠበቅ አለበት። ከዚያ ሰውየው ፊደል የተጻፈበት ሰሌዳ ያነሣለታል፤ ኢቫንስ ፊደሎቹን አንድ በአንድ በዓይኑ ያሳያል። «ጉንጬን» ለማለት ያን ሁሉ ፊደል ይለቅማል። ቦታው እስኪገኝ ደግሞ «ከፍ በል፣ አይ፣ ወደ ግራ» የሚል ሌላ የዓይን ድካም አለ። እስከዚያ ድረስ ማሳከኩ አንድም ራሱ ጠፍቷል፣ አንድም ኢቫንስን ሊያሳብደው ደርሷል።

አማርኛ «እከክልኝ ልከክልህ» ይላል። አባባሉ አብዛኛውን ጊዜ ለወቀሳ፣ በጥቅም ለተሳሰሩ ሰዎች ይነገራል። ቃል በቃል ሲወሰድ ግን የሰውን አብሮ መኖር በሁለት ቃል ይገልጸዋል፤ ሰው ጀርባውን በራሱ እጅ በደንብ ማከክ ስለማይችል ወዳጁን ይጠይቃል፤ በተራውም ያክለታል። ከባድ የአካል ጉዳት ይህን አባባል ለሁለት ይቆርጠዋል። «እከክልኝ» ይቀራል፤ «ልከክልህ» ይሄዳል። ከዚህ በታች የሚተረከው በተቆረጠው ቦታ ላይ የብረትና የካርቦን ክንድ ለመትከል ስለተደረገው ጥረት ነው።

በ2010 ኢቫንስ ቴሌቪዥን ሲመለከት የጆርጂያ ቴክ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ቻርሊ ኬምፕ ስለ አንድ ሮቦት ሲናገር አየ። ሮቦቱ ፒአር2 ይባላል፤ ዊሎው ጋራዥ የተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ የሠራው፣ ሁለት ክንድ ያለውና በጎማ የሚሄድ ግዙፍ ማሽን ነው። ዋጋው 400,000 ዶላር ነበር። ማንም ሰው ለፊት ማከኪያ ይገዛዋል ተብሎ አልተሠራም። ኢቫንስ ግን ያየው ማሽን አልነበረም፤ ያየው እጅ ነው። ለኬምፕ ጻፈለት። በ2011 ተመራማሪዎቹና ኢቫንስ አብረው በሠሩት ፕሮግራም፣ የጭንቅላቱን እንቅስቃሴ የሚከታተል መሣሪያ የኮምፒውተሩን ቀስት ሲያንቀሳቅስ፣ እሱ በጣቱ ይጫናል፤ ሮቦቱም የፈለገበት ይሄዳል። በዚህ መንገድ ጉንጩን አከከ፤ ጢሙንም በከፊል ራሱ ተላጨ።

ሰባት በር፣ አንድ ቁልፍ

አንድ ብርጭቆ ከጠረጴዛ አንሥቶ መጠጣት ስንት እንቅስቃሴ ይጠይቃል? ከትከሻ እስከ አንጓ ድረስ የሰው ክንድ በሰባት የተለያዩ አቅጣጫዎች ይታጠፋል፣ ይዞራል። ትከሻ ሦስት፣ ክርን አንድ፣ የክንዱ መገልበጥ አንድ፣ አንጓ ሁለት። ጣቶቹ ገና አልተቆጠሩም። ብርጭቆው ሲነሣ እነዚህ ሁሉ በአንድ ጊዜ፣ ተስማምተው፣ ውኃው እንዳይፈስ እየተጠባበቁ ይሠራሉ። ሰውየው ግን «ውኃ ልጠጣ» ከማለት በቀር ያሰበው ነገር የለም።

አሁን ይኸው ሥራ በጆይስቲክ ይሠራ። ጆይስቲክ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ቢበዛ ይዞራል። ስለዚህ ትእዛዙ በክፍል በክፍል ይከፋፈላል። በመጀመሪያው ክፍል ክንዱን ወደ ብርጭቆው ማቅረብ፤ ቁልፍ ተጭኖ ወደ ሁለተኛው ማለፍ፤ እዚያ አንጓውን ማዞር፤ እንደገና ቁልፍ ተጭኖ ወደ ሦስተኛው፣ ጣቶቹን ወደ መክፈትና መዝጋት። ጣቶቹ ብርጭቆውን በትንሹ ከሳቱ እንደገና ወደ መጀመሪያው መመለስ ነው። ሰባት በር ያለው ቤት ውስጥ አንድ ቁልፍ ይዞ መኖር ማለት ነው፤ አንዱን ለመክፈት ሌላውን መዝጋት ግድ ይላል። በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የተሠራና በ2016 የቀረበ ጥናት፣ የአካል ጉዳት የሌለባቸው ሰዎች እንኳ ይህን ዓይነት ክንድ ሲነዱ ከጊዜያቸው ከስድስት አንድ እጅ በላይ የሚያልፈው ከክፍል ወደ ክፍል በመቀያየር ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። ይህ እጁ ደህና በሆነ ሰው ነው። ቁልፉን የሚጫነው በአገጩ፣ በትንፋሹ ወይም ዊልቸሩ ራስጌ ላይ በተተከለ መጫኛ የሆነ ሰው ምን ያህል እንደሚደክም መገመት አያስቸግርም።

የዚህ ዘርፍ ዋና ችግር ይሄ ነው። ጠንካራ ክንድ መሥራት ፋብሪካዎች ከቻሉት ቆይቷል። ከባድ የሆነው ጥቂት ምልክት ብቻ መስጠት ከሚችል ሰው ተነሥቶ ብዙ መገጣጠሚያ ወዳለው ክንድ የሚደርስ መንገድ ማበጀት ነው።

ከምላስ እስከ ሳህን

መንገዱን ፍለጋ ቀደም ብሎ ተጀምሯል። ካሊፎርኒያ የሚገኘው ራንቾ ሎስ አሚጎስ ሆስፒታል ፖሊዮ ብዙ ሰው አልጋ ላይ ባዋለበት ዘመን የታወቀ የማገገሚያ ማዕከል ነበር። በ1969 እዚያ የተሠራው «ወርቃማ ክንድ» ዊልቸር ላይ ይገጠማል፤ ሰባት መገጣጠሚያውን የሚያዝዙት በምላስ የሚነኩ ማብሪያና ማጥፊያዎች ናቸው። ምላስ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አከርካሪ ሲጎዳ ትእዛዟ የማይቋረጥ፣ ከሰውነት ክፍሎችም ቅልጥፍና ያላት ናት። ግን ምላሱን ለክንዱ ያዋለ ሰው በዚያው ጊዜ ማውራት አይችልም። የመሣሪያው ብልሃትና ጉድለት እዚያው አንድ ቦታ ነበሩ።

በ1970ዎቹ ፈረንሳዮች ስፓርታከስ የተባለ ፕሮጀክት ጀመሩ። የተጠቀሙበት ክንድ መነሻው የኒውክሌር ኢንዱስትሪ ነበር፤ ሰው ሊጠጋው የማይችለውን ራዲዮአክቲቭ ነገር ከሩቅ ለማንሣት የተሠራ። ከዚያ የተገኘው ትምህርት ወደ ኔዘርላንድስ ተሻገረ። ሆክ ክዊ የተባለ ተመራማሪ የመራው ቡድን በ1980ዎቹ ማኑስ የተባለውን ክንድ ሲነድፍ አንድ ቁም ነገር ወሰነ፦ ክንዱ ጠረጴዛ ላይ ተተክሎ ሰውየውን አይጠብቅም፤ ዊልቸሩ ላይ ሆኖ አብሮት ይሄዳል። ማኑስ ገበያ ላይ ዋለ፤ በኔዘርላንድስም ወጪው በሕዝብ ኢንሹራንስ የሚሸፈንበት መንገድ ተገኘለት። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከምሕንድስናው ያላነሰ ሥራ ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ብዙ ጎበዝ ክንዶች የሞቱት ሞተራቸው ተቃጥሎ አይደለም፤ የሚከፍልላቸው ጠፍቶ ነው።

እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ኪል ዩኒቨርሲቲ የነበረው ማይክ ቶፒንግ በ1987 ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት አንድ የ11 ዓመት ልጅ ራሱ እንዲበላ ሊረዳው ተነሣ። መፍትሔው በጣም ቀላል ነው። ምግቡ ሳህኑ ላይ በክፍል በክፍል ይቀመጣል፤ መብራት ከክፍል ወደ ክፍል ቀስ እያለ ያልፋል፤ ልጁ የፈለገው ምግብ ላይ ሲደርስ አንዲት ቁልፍ ይጫናል፤ ማንኪያው ከዚያ ዝቆ ወደ አፉ ያመጣለታል። ሃንዲ 1 የተባለው ይህ መሣሪያ ትልልቅ ላቦራቶሪዎች ያልሸጡትን ያህል ተሸጠ። አንድ ሥራ ብቻ ስለሚያውቅ አንድ ቁልፍ በቃው።

የዣክ ክንድ

ኪዩቤክ፣ ካናዳ። ዣክ ፎሬ ጡንቻን እያመነመነ የሚሄደው ማስኩላር ዲስትሮፊ የያዘው ሰው ነበር፤ በቤተሰቡ በሽታው ያገኘው እሱን ብቻ አልነበረም። ዣክ የላቦራቶሪ ሰው አልነበረም፤ ቤቱ ውስጥ ካገኘው ነገር ለራሱ ክንድ ሠራ። ሞተሮቹ ከመኪና መስታወት መጥረጊያ የተፈቱ ነበሩ፤ መዳፉም ቋሊማ መቆንጠጫ። ያንን ያየው የቤተሰቡ ልጅ ቻርልስ ዴጊር አድጎ መሐንዲስ ሆነ፤ በ2006 ከባልደረባው ጋር ኪኖቫ የተባለ ኩባንያ መሠረተ። የመጀመሪያው ምርት ስም ጃኮ ነው፤ በዘመዱ በዣክ ስም።

ጃኮ አምስት ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አካሉ ካርቦን ፋይበር ስለሆነ ዊልቸሩን ወደ አንድ ጎን አይጎትተውም። ወደ 90 ሴንቲ ሜትር ይዘረጋል፤ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ያነሣል፤ ሦስት ጣት አለው። ኃይሉን ከራሱ ከዊልቸሩ ባትሪ ይወስዳል፤ ትእዛዙንም ሰውየው ዊልቸሩን በሚነዳበት በዚያው ጆይስቲክ ይቀበላል። ይህ ማለት ባለቤቱ አዲስ ቋንቋ መማር አያስፈልገውም፤ የሚያውቀውን መሪ ይዞ ሁለተኛ ሥራ ይጨምርበታል። ቁጥሮቹ ትንንሽ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ከወለል የወደቀ ስልክ ማንሣት፣ የአሳንሰር ቁልፍ መጫን፣ በር መክፈት፣ ብርጭቆ ወደ አፍ ማድረስ ሁሉ በእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ይገባል። በ2011 የታተመ የካናዳ ጥናት፣ በኤሌክትሪክ ዊልቸር የሚሄዱ ሰዎች ይህን ክንድ ቢጠቀሙ ረዳት የሚያስፈልጋቸው ሰዓት በ41 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ገምቷል። ግምት ነው፤ ሆኖም የመድን ሰጪዎችን ጆሮ የሚያቆም ግምት ነው፤ የክንዱ ዋጋ በአሥር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ነውና።

ቡናውን ያነሣችው ሐሳብ

ጆይስቲክ የሚነካ ጣት፣ አገጭ ወይም ትንፋሽ የሌለውስ?

ካቲ ሃቺንሰን እንደ ኢቫንስ ሁሉ የአንጎል ግንድ ስትሮክ የመታት ሴት ነበረች። በሚያዝያ 2011፣ ከሕመሟ ወደ አሥራ አምስት ዓመት ከሚጠጋ ጊዜ በኋላ፣ ብሬንጌት የተባለው የአሜሪካ የምርምር ቡድን ከፊቷ ካለው ጠረጴዛ አጠገብ ጀርመን የተሠራ የሮቦት ክንድ አቆመ። እንቅስቃሴን በሚያዝዘው የአንጎሏ ክፍል ላይ ስፋቱ አራት በአራት ሚሊ ሜትር የሆነ፣ 96 ኤሌክትሮዶች ያሉት ሰሌዳ ከአምስት ዓመት በፊት ተተክሎ ነበር። እጇን ልታንቀሳቅስ ስታስብ ነርቮቹ የሚያሰሙትን ጩኸት ኮምፒውተር ይተረጉማል፤ ክንዱም ይሄዳል። ክንዱ ቡና የያዘውን ጠርሙስ አንሥቶ፣ ወደ አፏ አድርሶ፣ ዘንበል አደረገላት፤ በስትሮ ጠጥታ ወደ ጠረጴዛው መለሰችው። ከስድስት ሙከራ አራቱ ተሳኩ። በቪዲዮው ላይ ከጠጣች በኋላ የታየው ፈገግታዋ ከታተመው የሳይንስ ጽሑፍ ይበልጥ ብዙ ሰው ዘንድ ደርሷል። ለቡና አገር አንባቢ ምክንያቱን ማስረዳት አያሻም።

በዚያው ሰሞን ፒትስበርግ ውስጥ ጃን ሼውርማን ሁለት እንዲህ ያሉ ሰሌዳዎች ተተከሉላት፤ ክንዷን ሄክተር ብላ ሰየመችው። በአሥራ ሦስት ሳምንት ልምምድ ሰባቱንም አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ማዘዝ ቻለች፤ በሄክተርም ቸኮሌት በላች። ማለትም፣ ሰባቱ በሮች አንድ ላይ ተከፈቱ። በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ናታን ኮፕላንድ የተባለ ወጣት ደግሞ ከአንጎሉ የስሜት ክፍል ጋር የተያያዙ ኤሌክትሮዶች ጭምር ተተከሉለት፤ የሮቦቱ ጣት ሲነካ የራሱ ጣት የተነካ ያህል ተሰማው። በ2016 ከፕሬዚዳንት ኦባማ ጋር ጡጫ ለጡጫ ሰላምታ የተለዋወጠው በዚያ ክንድ ነው። በ2021 የወጣው ውጤት የመዳሰስን ዋጋ በሰከንድ ለካው፦ ስሜቱ ሲጠፋ 20.9 ሰከንድ ይፈጅ የነበረው ዕቃ የማንሣት ሥራ፣ ስሜቱ ሲመለስ 10.2 ሰከንድ ሆነ። ዓይን ብቻውን እጅን ሊመራ እንደማይችል፣ በጨለማ ኪሱ ውስጥ ሳንቲም የሚፈልግ ሁሉ ያውቀዋል።

የሚያስደንቅ ነው፤ ግን ማጋነን አያስፈልግም። ሽቦው ከራስ ቅል ይወጣል፤ ከአጠገብ ባለሙያና ኮምፒውተር ይቆማል፤ ጥናቱ ሲያልቅ ክንዱ ከላቦራቶሪ አይወጣም። የሼውርማን ሰሌዳዎች በ2014 ወጡላት። ሄክተር ወደ ቤቷ አልመጣም። ስለዚህ ዛሬም በየቤቱ እየሠራ ያለው የአንጎል ሽቦ ሳይሆን ከፕላስቲክ የተሠራው የአገጭ ጆይስቲክ ነው።

ጉርሻና ሹካ

አሜሪካ ውስጥ ያለ ሌላ ሰው እርዳታ መብላት የማይችሉ አዋቂዎች በ2010 አንድ ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ በሰው እጅ መጉረስ በራሱ ነውር የለውም፤ እንዲያውም ፍቅር ነው። ጉርሻ ደስ የሚለው ግን በመሃል ስለሚመጣ፣ ቀሪውን ደግሞ ሰውየው ራሱ ስለሚቆርስ ነው። ቁርስም ምሳም እራትም፣ እያንዳንዱ ጉርሻ፣ ሌላው በሚመርጠው መጠንና ሌላው በሚመርጠው ጊዜ ሲሆን ስሙ ይለወጣል። አጉራሹ ስልክ ሲያናግር ጎራሹ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

በዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲ ሲድሃርታ ስሪኒቫሳ የሚመራው ላቦራቶሪ ሹካ የያዘ የሮቦት ክንድን ማብላት ሲያስተምር ያገኘው ችግር ጥቃቅን ነው። ካሮት ከመሃሉ ከተወጋ ሰውየው እንዴት ይነክሰዋል? ከአንድ ጫፉ ተወግቶ ሌላው ጫፍ ወደ አፍ ማየት አለበት። የተቆረጠ ሙዝ ደግሞ ለስላሳ ስለሆነ ቀጥ ብሎ ከተወጋ ይንሸራተታል፤ ሹካው ጋደል ማለት ይኖርበታል። ሰው ሳያስበው የሚያደርገውን ማሽን በሙከራ ይማረዋል። (እንጀራ የባሰ ነው፤ ቆርሶ፣ ወጡን ጠቅልሎ፣ ሳያንጠባጥብ ማንሣት ሦስት ጣት ላለው ክንድ ከካሮት የከፋ ፈተና መሆኑ አይቀርም።) የኮርኔል ተመራማሪዎች ደግሞ ሌላ ጥያቄ አነሡ፦ ሰው ከሰው ጋር ሲበላ የሚቀጥለው ጉርሻ መቼ ይምጣ? ሦስት ሦስት እየሆኑ የበሉ 90 ሰዎችን ቀርፀው ኮምፒውተሩ የጨዋታውን ምት እንዲያነብ ሞከሩ። ቀልድ ሊጨርስ ሁለት ቃል የቀረው ሰው አፍ ላይ ሹካ የሚደቅን ማሽን የትም ማዕድ ላይ አይፈለግም።

ማን ያዛል?

እንግዲህ ኮምፒውተሩ ይህን ሁሉ ከቻለ፣ ሁሉንም ለእሱ መተው አይሻልም? ሰውየው ብርጭቆውን በዓይኑ ያሳይ፤ ቀሪውን ማሽኑ ይጨርስ። ሰባቱን በርም አንዱን ቁልፍም መርሳት ነው። ብዙ መሐንዲሶች እንዲህ አሰቡ፤ ሐሳቡም የተሳሳተ አይመስልም።

የዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሴንትራል ፍሎሪዳ ተመራማሪዎች የማኑስን ክንድ በካሜራ አስታጥቀው ይህንኑ ፈተሹ። አከርካሪያቸው የተጎዳ ሰዎች በሁለት ተከፈሉ፤ አንደኛው ቡድን ክንዱን ራሱ ይነዳል፤ ለሌላኛው ማሽኑ ራሱ ይሠራለታል። ውጤቱ በ2012 ታተመ። ማሽኑ የሠራላቸው ሰዎች በጣም ጥቂት ደከሙ። ይበልጥ የረኩት ግን ራሳቸው የነዱት ነበሩ።

ይህን ውጤት እንደ እልህ ወይም እንደ ኩራት ማየት ቀላል ነው። ሕይወታቸውን ግን ማየት ያሻል። ቀኑን ሙሉ ሌላ ሰው የሚያለብሳቸው፣ የሚያጥባቸው፣ የሚያዞራቸው ሰዎች ናቸው። አንድ ተጨማሪ አካል መጥቶ እንደ ሌሎቹ ሁሉ «አንተ አትድከም፣ እኔ ላድርግልህ» ሲላቸው፣ ያ አካል ከብረት የተሠራ መሆኑ ብዙ ለውጥ አያመጣም። ከዚያ ወዲህ ያሉ ተመራማሪዎች ብዙዎቹ የሚፈልጉት መሃል መንገድ ነው፤ ሰውየው መሪውን ይዞ ይቀጥላል፤ ማሽኑ ደግሞ ወዴት ሊሄድ እንዳሰበ እየገመተ ጎድጓዳውን ይሞላለታል። ምን ያህል እርዳታ ይበቃል የሚለው ግን ከሰው ሰው፣ ከቀን ቀን ይለያያል፤ የደከመው ሰው ማታ የሚፈልገው ጠዋት ከሚፈልገው አይገጥምም።

ለኢቫንስም ሌላ ሮቦት ወደ ቤቱ ገብቶለታል። ኬምፕና አሮን ኤድሲንገር በ2017 የመሠረቱት ሄሎ ሮቦት ስትሬች የተባለ ማሽን ሠራ፤ ቀጭን ምሰሶ፣ በምሰሶው ላይ ወጥቶ የሚወርድ፣ እንደ አንቴና የሚዘረጋ አንድ ክንድ፣ ጫፉ ላይ ሁለት ጣት። 23 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ በወጣበት ጊዜ ዋጋው ከፒአር2 ጋር ሲነጻጸር ከሃያ አንድ እጅ ያህል ነበር። በ2023 የዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለአንድ ሳምንት ኢቫንስ ቤት አቆሙት። አልጋው ላይ ሆኖ፣ በጭንቅላቱ ቀስቱን እየመራ፣ ሲበላው ራሱን አከከ።

ከዚህ ሁሉ ግን ቀደም ብሎ፣ ገና በግዙፉ ፒአር2 ዘመን የሆነ አንድ ነገር አለ። አሜሪካውያን ልጆች በሃሎዊን በዓል ልዩ ልዩ ልብስ ለብሰው ከረሜላ ሲለምኑ ይዞራሉ። በአንዱ ሃሎዊን ቀን ሮቦቱ አንድ የገበያ ማዕከል ውስጥ ቆመ፤ ኢቫንስ ነበር የሚነዳው። ልጆቹ ተራ በተራ ቦርሳቸውን ዘረጉ፤ የብረቱ ጣት ቀስ ብሎ ተከፈተ፤ ከረሜላውም ወደቀ። ቀጣዩ ልጅ ቀረበ።